ስማቸውን እኔ ብቻ ያየኋቸው አሥራ አንድ ሰዎች

የህንድን ብሔራዊ የክሪኬት ቡድን የመረጥኩት ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ፤ አሁን ሳስበው እኔንም ያስቀኛል። ያኔ ግን የሳቅ ነገር አልነበረም። ጨዋታው ግራ ያጋባኛል፣ ቁጥሩ ግራ ያጋባኛል፣ የሚያስጠኑኝ ቲቸር ራሳቸው ግራ ያጋቡኛል። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬም አልጠራልኝም። ግን ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቼ የአማርኛ መምህራችን «የደረሰባችሁን ጻፉ» ሲሉ ሁለት ገጽ ብሰጣቸው፣ «እጅሽ ተፍታቷል፣ ቀጥዪ» ብለው መለሱልኝ። ቀጥዪ የተባለ ሰው ይቀጥላላ! ይኸው ቀጠልኩ።

ቤታችን ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ገባ ብሎ ነው። አባቴ ያኔ የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ቤት የሚመጣው እንደ እንግዳ ነው። ስለዚህ የቤቱ ዳኛ እናቴ ናት። ከጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ለማን እንደምታከራይ የምትወስነውም እሷ ነበረች። መካኒክ መጣ፣ «ጫት ይቅማል» ብላ መለሰችው። ነጋዴ መጣ፣ «ዓይኑ አያርፍም» ብላ መለሰችው። አንድ ቀን ቀጭን፣ ረዥም፣ ፂሙን በማበጠሪያ ያበጠረ የህንድ ሰው በር አንኳኳ። የሂሳብ አስተማሪ ነኝ አላት። ከዚህ በፊት የት ነበሩ ስትለው ደሴ አለ። አለቀ። «ደሴ ሦስት ዓመት የኖረ ሰው ዘመድ ነው» ብላ ቁልፉን ሰጠችው።

ሰፈሩ በሙሉ «ቲቸር» ነበር የሚላቸው። ከአገራቸው ከወጡ ስምንት ዓመታቸው ነበር፤ ሆኖም አማርኛውን የተማሩት ከተማሪ ሳይሆን ከታክሲ ረዳት ይመስለኛል። እናቴን «ማዘር» ይሏትና ሥራ ሊሄዱ ከግቢ ሲወጡ «ወራጅ አለ!» ብለው ይጮኻሉ። እናቴ በየቀኑ ትስቃለች። በየቀኑ፣ ወላሂ።

የኔና የሳቸው ነገር የተጀመረው በሂሳብ ውጤቴ ነው። በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምህረት መጀመሪያ ሴሚስተር ከመቶ ሠላሳ ስምንት አመጣሁ። ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ ልፈተን ነው። እናቴ ካርዱን እንደያዘች ወደ ሰርቪሷ ሄዳ «ቲቸር፣ ይቺን ልጅ ወይ ያስተምሩልኝ ወይ ይምከሩልኝ» አለቻቸው። እሳቸው ካርዱን ገልብጠው አዩና ራሳቸውን እንደ ጥያቄም እንደ እሺታም ወዘወዙት። ያንን ውዝወዛ አዎ ይሁን አይደለም ለማወቅ አንድ ወር ፈጅቶብኛል።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረጃቸው ላይ አንድ ጠፍጣፋ ጣውላ ይዘው ጠበቁኝ። ቦሌ ሚካኤል ካለ አናጢ ዘንድ አሠርተውት ነው፤ አናጢው የሊጥ መዳመጫ መስሎት ጫፉን አለስልሶላቸዋል።

«ቁጥር የማትወጂው የማን እንደሆነ ስለማታውቂ ነው» አሉኝ። ንግግራቸው ግማሹ እንግሊዝኛ ግማሹ አማርኛ ነው፤ እኔ እዚህ ሁሉንም ወደ አማርኛ አምጥቼዋለሁ። «አሁን የማን እንደሆነ እነግርሻለሁ። ይሄ ክሪኬት ነው።»

ጣውላውን ይዘው ቆሙ። አንዱ ወርዋሪ ኳሱን ይወረውራል፤ አንዱ መቺ ይመታና ይሮጣል፤ ሮጦ ማዶ በደረሰ ቁጥር አንድ ይቆጠርለታል፤ ወርዋሪው ካስወጣው ተራው ያበቃል። እስከዚህ ደህና ነው። እናቴ ልብስ እያሰጣች ትሰማለች።

«ስንት ሰዓት ነው የሚጫወቱት?» አለች።

«ትልቁ ጨዋታ፣ ቴስት የሚባለው፣ አምስት ቀን።»

«ስንት ሰዓት ነው ያልኩት ቲቸር።»

«አምስት ቀን ማዘር። ጠዋት ይጀምራል፤ ምሳ ይበላል፤ ይጫወታል፤ ሻይ ይጠጣል፤ ማታ ይተኛል፤ ነገ ይቀጥላል።»

«እና በአምስተኛው ቀን ማን ያሸንፋል?»

«አንዳንዴ ማንም።»

እናቴ የጨመቀችውን አንሶላ ይዛ ቆመች። «አምስት ቀን ምሳ በልተው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ማንም? ይሄማ ጨዋታ አይደለም፣ ለቅሶ ቤት ነው!»

ቲቸር ከት ብለው ሳቁ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መደናገር ሥራዬ ሆነ። መቺው ጎበዝ መሆኑ የሚታወቀው በአማካዩ ነው፤ የሮጠው ሁሉ ይደመርና ከጨዋታ በወጣበት ጊዜ ብዛት ይካፈላል። አካፈልኩ። «ስህተት» ይሉኛል። ለካ ሳይወጣ ያለቀበት ቀን ካለ ሩጫው ይደመራል፣ ቀኑ ግን ማካፈያው ውስጥ አይገባም።

«እንዴት? ተጫውቷል አይደል?»

«ተጫውቷል። ግን አላስወጡትም።»

«እኔም እኮ በፈተና ቀን ከክፍል አላስወጡኝም፤ ግን ዜሮዬ ተቆጠረ።»

ወርዋሪው ደግሞ ብሶ መጣ። የመቺው ቁጥር ትልቅ ሲሆን ጎበዝ ነው፤ የወርዋሪው ግን ትንሽ ሲሆን ነው ጎበዝ። አንድ ሰው ለማስወጣት ስንት ሩጫ እንዳስመዘገቡበት ነው የሚለካው። ሦስት ቀን ሙሉ ገለበጥኩት፤ ደካማውን አነገሥኩ፣ ጎበዙን አባረርኩ። በአራተኛው ቀን አባቴ ከአሰብ መጥቶ ስለ አዲሱ መኪናው ሲያወራ፣ «በትንሽ ናፍታ ብዙ መንገድ ይሄዳል» አለ። ከምሳ ብድግ ብዬ ወደ ሰርቪሷ ሮጥኩ።

«ቲቸር! ወርዋሪ መኪና ነው! ናፍታ የማይበላው ነው ጎበዙ!»

ቲቸር ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ይሄን የነገረሽ ማነው?»

«ማንም። እኔ ነኝ።»

ራሳቸውን ወዘወዙ። በዚያ ቀን ነው ውዝወዛው አዎ ማለት እንደሆነ የገባኝ። በሕይወቴ በሂሳብ ልክ መሆኔን ያወቅሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ነው፤ ራቴን ሳልበላ ተኛሁ፣ ከደስታ።

አንድ ቅዳሜ የአባታቸውን ነገር ነገሩኝ። አባትየው ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። የአገራቸው ቡድን ወደ ውጭ ለጨዋታ ሊሄድ ሲል አባትና ልጅ ይወራረዳሉ፤ መራጮቹ ስም ዝርዝሩን ሳያወጡ በፊት እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አሥራ አንድ ሰው ጽፈው በፖስታ ይልካሉ። ደብዳቤዎቹ በአየር ላይ ይተላለፋሉ። ከዚያ መራጮቹ ሲያውጁ ማን ብዙ እንዳገኘ ይቆጠራል። ሁልጊዜ የሚያሸንፉት አባትየው ናቸው።

«አባቴ በዓይኑ ነው የሚመርጠው፤ ያያል። እኔ እዚህ ሆኜ ምን አያለሁ? ቁጥር ብቻ። እሱ ደግሞ ምን ይለኛል መሰለሽ? ‹አንተ ቁጥር ትላለህ እንጂ የምትመርጠው የምትወዳቸውን ነው› ይለኛል።»

በዚያ ዓመት ግን ውርርዱ የቀልድ አልነበረም። አባትየው ቤታቸው አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ለልጃቸው ሥራ አግኝተዋል። እነሱ ጋ ትምህርት የሚከፈተው በፈረንጆቹ ሰኔ መጀመሪያ ነው፤ በእኛ ግንቦት ሳያልቅ መሆኑ ነው። ቲቸር ከተሸነፉ ሥራቸውን ትተው በግንቦት ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ካሸነፉ አባትየው ሁለተኛ ና አይሏቸውም።

«በግንቦት?» አልኩ። «ሚኒስትሪ እኮ ሰኔ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ቲቸር፣ እንግዲያው ማሸነፍ አለብን።»

«አለብን?» አሉና ፈገግ አሉ።

እኔ ግን ፈገግ አላልኩም። ከሠላሳ ስምንት ተነስቼ በቅርቡ የክፍል ፈተና ስልሳ አንድ አምጥቼ ነበር። እሳቸው ከሄዱ ተመልሼ ሠላሳ ስምንት ውስጥ እንደምገባ አልተጠራጠርኩም። ሚኒስትሪ ከወደቅኩ ደግሞ እናቴ ትምህርት አስትታ ከአክስቴ ሱቅ እንደምታስቀምጠኝ ቁርጡን ነግራኛለች።

ቲቸር በዚያ ዓመት አዲስ ዘዴ ፈጠሩ። አባታቸው «የምትወዳቸውን ነው የምትመርጠው» እንዳይሏቸው ስም ሳያዩ ሊመርጡ ነው። አንድ ወፍራም የዓመት መጽሐፍና የጋዜጣ ቁራጮች ሰጡኝ። ሥራው የኔ ነው፦ እስካሁን የሚጫወቱትን ሁሉ በደብተር መዝግቤ ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ ሃያ ስድስት ቁጥር እሰጣለሁ፤ አማካዩን አሰላለሁ፤ ዕድሜውን አሰላለሁ፤ ከሠላሳ ሦስት በላይ የሆነውን እሰርዛለሁ። ከዚያ እሳቸው ቁጥሩን ብቻ አይተው አሥራ አንድ ይመርጣሉ። ከቁጥሩ ጎን ያለውን ስም በደብዳቤው ላይ የምጽፈው፣ ፖስታውን የማሽገውም፣ የምልከውም እኔ ነኝ።

«እርስዎ ስሙን ሳያዩ?»

«ሳላይ። ቁጥር ፊት የለውም።»

አንድ ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አካፈልኩ። ያልወጡበትን ቀን አውጥቼ፣ ወርዋሪውን በናፍታ ለክቼ፣ ሁሉንም ሁለት ጊዜ አየሁት። ዕድሜው ቀላሉ ነበር። መጽሐፉ የተወለዱበትን ዓመት በሁለት ቁጥር ነው የሚጽፈው። ሃምሳ ዘጠኝ የተወለደ፦ ከሰማንያ ስምንት ላይ ሃምሳ ዘጠኝ ሲቀነስ ሃያ ዘጠኝ። ያልፋል። ስልሳ የተወለደ፦ ሃያ ስምንት። ያልፋል። ሁሉም ወጣት ናቸው፤ እንዲያውም ከሠላሳ ሦስት በላይ አንድ እንኳ አጣሁ። ከዚህ ይልቅ ያስገረመኝ ልጆቹ ነበሩ። ሰባ ሁለት የተወለደ አለ፤ አሥራ ስድስት ዓመቱ! ሰባ አንድ የተወለደም አለ። እንደዚህ ያሉ አራት አገኘሁ፤ ቁጥራቸው ደግሞ ያስደነግጣል፣ በተለይ የአንደኛው።

ለቲቸር ልንገራቸው ወይ ብዬ አሰብኩ። ግን በዚህ ጨዋታ ያልገረመኝ ምን ነበር? አምስት ቀን ተጫውቶ ማንም የማያሸንፍበት አገር የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ቢያጫውት ምን ይደንቃል? ደግሞ አሳዘኑኝ። ጉዞው ሦስት ወር ይፈጃል፤ ልጆቹ ከትምህርት ይቀራሉ፤ እነሱም የራሳቸው ሚኒስትሪ ይኖራቸው ይሆናል። ማንም ሳይጠይቀኝ አራቱንም ሰረዝኳቸው። ለእናቶቻቸው ውለታ የዋልኩ መሰለኝ።

ቲቸር ደብተሩን ተቀብለው፣ የስሙን ዓምድ በካርቶን ሸፍነው ቁጥሮቹን አዩ። «ምን ዓይነት ቁጥሮች ናቸው!» አሉ። «ሁሉም ብዙ የተጫወቱ፤ እንዲህ የዳበረ ቡድን አይቼ አላውቅም።» አሥራ አንዱን አከበቡ። እኔ ደግሞ ውስጥ ገብቼ በጥሩ የእጅ ጽሑፌ ስሞቹን ገለበጥኩ። ለእኔ ስሞቹ ረዣዥም ፊደላት ብቻ ናቸው፤ የአንዱንም ሰው መልክ አላውቅም። ሐሙስ ዕለት ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ሳስገባ ራሴ አውሮፕላን ውስጥ የምገባ ይመስል ነበር ደስታዬ።

ዓርብ ከሰዓት ነገሩ ፈረሰ። ያፈረስኩትም እኔው ነኝ፤ ጉራዬ። ቲቸር ፖሊኖሚያል ያስረዱኛል፤ እኔ በመሃል፣

«ቲቸር፣ አገራችሁ ግን ልጆች ያጫውታል እንዴ?» አልኩ።

«የምን ልጆች?»

«አራት ነበሩ። አሥራ ስድስት ዓመት ምናምን። ሰረዝኳቸው፤ ከትምህርት እንዳይቀሩ ብዬ።»

ቲቸር ቀስ ብለው በተከፈተው በር ወደ ግድግዳቸው ዞሩ። ግድግዳው ላይ ከጋዜጣ የተቆረጠ የአንድ መቺ ፎቶ ተለጥፏል፤ ጢሙ ያደገ፣ ትከሻው የሰፋ ሰው። ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«የሱ ልደት» አሉ በቀጭን ድምፅ፣ «ሰባ ሁለት ነው።»

«እንዴ! እሱማ ትልቅ ሰው ነው!»

«ከስንት ላይ ነው የቀነስሽው?»

«ከሰማንያ ስምንት።»

ቲቸር ጎንበስ ብለው ደረጃው ላይ ባለው አቧራ በጣታቸው 96 ብለው ጻፉ። የፈረንጅ አቆጣጠር መኖሩን አላውቅም ነበር ማለት አይደለም፤ ማን የማያውቅ አለ! ግን ደብተሬ ሽፋን ላይ 88፣ ጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ 88፣ የአባቴ መንጃ ፈቃድ ላይ 88። ዓመቱ ስንት ነው ስባል ሌላ ቁጥር በአእምሮዬ አይመጣም። በአንድ ግቢ ውስጥ እኛ ሰማንያ ስምንት ላይ፣ እሳቸው ዘጠና ስድስት ላይ ነበር የምንኖረው፤ ከአንድ ቧንቧ እየቀዳን።

ሃያ ዘጠኝ ያልኩት ሰውዬ ሠላሳ ሰባት ነው። የላክሁት ቡድን የሽማግሌ ቡድን ነው።

«ስሞቹን ልንገርዎ? እነማን እንደሆኑ...»

እጃቸውን አነሱ። «አትንገሪኝ። ሳላይ እመርጣለሁ ብያለሁ።»

«ሌላ ደብዳቤ ይላክ! ስልክ ይደወል!»

«አንድ ሰው፣ አንድ ደብዳቤ። ውሉ እሱ ነው።» ከዚያ እንደገና ወደ አቧራው አዩ። ለብቻቸው እንደሚያወሩ፣ «ሰማንያ ስምንት» አሉ፤ «ከቤት የወጣሁበት ዓመት።» በእሳቸው አቆጣጠር መሆኑ ነው። እኔ ያኔ ምንም አልገባኝም፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ሁለት ዓመት ይጋጭ ነበር።

እሳቸው ይተዉት እንጂ እኔ አልተውኩም። ቅዳሜ ጠዋት ሳልነግራቸው ፖስታ ቤት ሮጥኩ። መስኮቱ ጋ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች ሴትዮ ነበረች።

«እትዬ፣ ከትናንት ወዲያ ያስገባሁት ደብዳቤ ይመለስልኝ።»

«ማነው የላከው?»

«ቲቸር።»

«አንቺ ቲቸር ነሽ?»

«ኧረ አይደለሁም።»

«የሚደርሰውስ ለአንቺ ነው?»

«ህንድ ላለ ሰውዬ ነው።»

«ላኪም አይደለሽ፣ ተቀባይም አይደለሽ። ታዲያ ምንሽ ነው?»

«የጻፍኩት እኔ ነኛ! ተሳስቼ ሽማግሌዎች መርጬ...»

ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ ሰውዬ፣ «ሽማግሌ ለዕርቅ ነው ለሰርግ?» አለ። ሰልፉ ሳቀ። ሴትዮዋ ግን አዘነችልኝ መሰለኝ መነጽሯን አወለቀች።

«ስሚ የኔ እህት፣ ከረጢቱ ትናንት ሄዷል። ብትሮጪም አውሮፕላን አትደርሺበትም።»

ቦሌ አካባቢ የሚኖር ሰው አውሮፕላን አይሰማም፤ ጆሮው ለምዶታል። እኔ ግን በዚያ ሳምንት የእያንዳንዱን ድምፅ ሰማሁ። ባለፈ ቁጥር ቀና ብዬ «ይሄኛው ነው የወሰደው» እላለሁ።

ሰኞ መራጮቹ አወጁ። ቲቸር ራዲዮናቸውን ሰርቪሷ በር ላይ አድርገው፣ አንቴናውን በልብስ ማስጫው ሽቦ አስረው ሰሙ። ስሞቹ እየተጠሩ ሲሄዱ እኔ የጻፍኳቸውን ለመያዝ ጣቴን ዘርግቼ ጠበቅሁ። አንድ። ብዙ ያልጻፍኳቸው ስሞች። ሁለት። ከዚያ ሦስት። አለቀ። ቲቸር ዞረው አዩኝ። ሦስት ጣቴን አሳየኋቸው። ራሳቸውን ወዘወዙና ራዲዮኑን አጠፉት።

ማታ ወደ እናቴ መጡ። በር ላይ ቆመው፣ «ማዘር» አሉ፣ «ወራጅ አለ።»

እናቴ በልማዷ መሳቅ ጀመረችና ፊታቸውን አይታ አቋረጠችው። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን አደረግሽው ሰውየውን?»

ሁሉንም እያለቀስኩ ነገርኳት። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ወገቧን ይዛ፣ «እና ከስንት ልትቀንሺ ነበር? ሰማንያ ስምንት አይደለም እንዴ ዓመቱ? ሰው በተከራየበት አገር ዓመት ነው የሚኖር!» አለች። ለእኔ መቆሟ ደስ አለኝ፤ ግን ልክ አለመሆኗንም አውቀዋለሁ፤ ያ ደግሞ ባሰብኝ።

ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ሆነን ቆየን። ቲቸር ሻንጣ ገዙ። ማስጠናቱን አላቋረጡም፤ እንዲያውም ቸኮሉ፤ የሁለት ወሩን በሦስት ሳምንት ሊያስገቡልኝ። እኔ አንድ ጥያቄ ስስት፣ «ግድ የለም» ይሉኛል፤ «ግድ የለም» ባሉኝ ቁጥር ማልቀስ ያምረኛል። ቢቆጡኝ ምን ነበረበት? ተቆጥተው የማያውቁ ሰው ፊት ጥፋተኛ መሆን ከባድ ነው።

የአባትየው ደብዳቤ የመጣው ግንቦት መጀመሪያ ላይ ነው። ቲቸር ደረጃው ላይ ተቀምጠው ከፈቱት። የኔ ዝርዝርም አብሮ ታጥፎ ተመልሷል፤ በየስሙ ጎን በእርሳስ ተጽፎበታል። ውሉ ስላለቀ ቲቸር አሁን ስሞቹን ማየት ይችላሉ። አዩ። አንደኛውን ሲያዩ ቅንድባቸው ተነሳ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ከቧንቧው ጋ ባልዲ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ውኃው ሞልቶ ይፈሳል።

«ምን አሉ?» አልኩ።

ቀስ እያሉ አነበቡልኝ። አባትየው ዘጠኝ ሰው አግኝተዋል፤ ልጃቸው ሦስት። «ተሸንፈሃል» ይላል ደብዳቤው። «ስሞቹን ሳነብ መጀመሪያ የቀለድክብኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ እናትህን ጠርቼ አነበብኩላት፤ እሷ ነች የነገረችኝ። ይሄ አንተ ከመሄድህ በፊት በረንዳው ላይ ሆነን በራዲዮ የሰማነው ቡድን ነው። ያ ወርዋሪ አሁን ጉልበቱን ታሟል፤ ያኛው መቺ ራሱ ተመልጧል። በቁጥር ብቻ ነው የምመርጠው ያልከኝ ልጅ፣ የሰማንያ ስምንትን በረንዳ መርጠህ ላክህልኝ።»

ቲቸር እዚህ ላይ ቆሙ። መሃረባቸውን ፈልገው አጡት፤ በሸሚዛቸው እጅጌ ፊታቸውን ጠረጉ። ከዚያ የመጨረሻውን አነበቡ፦ «ያሸነፍኩትን በማስገደድ አልወስድም። የሰኔውን ሥራ ለሌላ ሰው ስጡት ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። የጀመርካቸውን ልጆች ዓመታቸውን አስጨርስና ስትጨርስ ና። በረንዳው አለ።»

«እስከ ፈተናው ይቆያሉ ማለት ነው?»

ራሳቸውን ወዘወዙ።

ባልዲውን ለቅቄ ዘለልኩ፤ እግሬ ሁሉ ረጠበ። ከዚያ ደግሞ መዝለሌ አሳፈረኝ። «ግን ቲቸር፣ ውሸት እኮ ነው! እርስዎ አልመረጧቸውም። በረንዳውን አላሰቡትም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ይጻፉላቸው፤ አንዲት የማታውቅ ልጅ ናት ይበሏቸው።»

ደብዳቤውን በዝግታ አጣጠፉት። «ልጽፍለት ነበር» አሉ። «ስሞቹን ሳነብ ግን አሥራ አንዱንም የት ቁጭ ብዬ እንደሰማኋቸው አስታወስኩ። አሁን ውሸቱ የቱ እንደሆነ እኔም ግራ ገባኝ።»

እሳቸው ግራ ከገባቸው እኔ ምን ልበል? ባልዲውን አንስቼ ቧንቧውን ዘጋሁ።

ሰኔ ላይ ተፈተንኩ። ሂሳብ ከሁሉም ዝቅ ያለው ውጤቴ ነበር፤ ግን አለፍኩ፤ የአክስቴ ሱቅ ቀረ። ሐምሌ ላይ ቲቸር በዝናብ ሄዱ። እናቴ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችላቸው። ኤርፖርቱ ከእኛ ቤት ቅርብ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ሻንጣቸውን ታቅፌ ሸኘኋቸው። መውረጃው ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ጣውላውን ለእኔ ተዉልኝ። አልተመለሱም።

እናቴ ሰርቪሷን እስከ ጥቅምት ሳታከራይ ቆየች። «ቀለም ልቀባት ነው» ትላለች፤ ቀለም ግን አልገዛችም። ጥቅምት ላይ በስሜ የተጻፈ ደብዳቤ መጣልኝ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው። ውስጡ ሦስት ወረቀት አለ። አንደኛው የአባትየው አሥራ አንድ፣ ሁለተኛው የቲቸር አሥራ አንድ። ሦስተኛው ባዶ ነው፤ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ቁጥር ብቻ ተጽፎበታል። ከታች በቲቸር እጅ፦ «አሁን አንድ በረንዳ ላይ ስለምንቀመጥ መላላክ ቀረ፤ መጣላት ብቻ ሆነ። አባቴ ሦስተኛ መራጭ ያስፈልገናል ይላል። ሽማግሌዎቹን የመረጠችው አንቺ መሆንሽን ነግሬዋለሁ፤ ሁለት ቀን ስቆ በሦስተኛው ቀን ‹እሷው ትምረጥ› አለ።»

ከዚያ ወዲህ ቡድኑ ሊጓዝ በተዘጋጀ ቁጥር ቁጥሮች ይልኩልኛል፤ እኔም እመርጣለሁ። አንድም ቀን አሸንፌ አላውቅም። ከወረቀቱ አናት ላይ ግን ዓመቱን በትልቁ እጽፋለሁ፤ በእነሱም በእኛም አቆጣጠር፣ ጎን ለጎን።

ባለፈው ሳምንት የዘንድሮውን ለመላክ ፖስታ ቤት ሄድኩ። ባለመነጽሯ ሴትዮ አየችኝ።

«ደግሞ መጣሽ? ነገ መልሱልኝ ብትዪ አልሰማሽም።»

«ዘንድሮ አልልም እትዬ። ዓመቱን ሁለቴ አይቼ ነው የቀነስኩት።»

ማኅተሙን መታችው። ወጥቼ መንገዱን ልሻገር ስል፣ ሰባተኛ ላይ የጻፍኩት ወርዋሪ ትዝ አለኝ። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ነበር ደስ ብሎኝ ያስገባሁት። ትልቅ። ወርዋሪ ግን... ናፍታ...

ዞሬ ሮጥኩ። ሴትዮዋ ገና በሩ ላይ ስታየኝ መስኮቷን መዝጋት ጀመረች።